ስለዚያች ጥቁር መኪና

ውድ መትረየስ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንተና እኔ ባሳየናቸው የወንጀል ፊልሞች ውስጥ አንድም ሰው ሌላውን «ደህና ነህ ወይ» ሲል አልሰማሁም። ስልኩን ያነሣል፣ «አገኛችሁት?» ይላል፣ ይዘጋል። ሳያንኳኳ ይገባል፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ይናገራል፣ ሳይሰናበት ይወጣል። አንተም ከማይክሮፎኑ ዘወር ብለህ «እነዚህ ሰዎች እናት አላሳደገቻቸውም» ትል ነበር፤ አዳራሹ ይስቃል። እኔ ግን እንደምታውቀኝ ዳር ዳር የምል ሰው ነኝ፤ ቶሎ ወደ ነገሬ ካልገባሁ ታገሠኝ። የምነግርህ ነገር አለ። መንገር ከነበረብኝ ቀን ብዙ ዘግይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ሚስትህ፣ እህቴ፣ ናት። ከታመምክ ወዲህ ጽሑፍ ስታይ መስመሩ እንደሚጠፋብህ ነግራኛለች። እህቴ፣ ስታነቢለት አትቸኩዪ። ልጅ ሆነሽም የትምህርት ቤት ግጥም ስታነቢ ጅብ የሚያሳድድሽ ይመስል ነበር። ደግሞም የማትወጂው ቦታ ላይ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊው፤ ስላንቺም አለበት።

ባለፈው ሐሙስ ብርቱካን ይዤ መጥቼ ነበር። እንደ ልማዴ ከበሩ ላይ ሰጥቼ ልመለስ ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። «‘ላይኛው’ አለኝ። ቆየ። ‘ሰለቸሁት’ አለኝ። ይህን ብሎ እስኪጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል።»

ላይኛው እኔ ነኝ። ከሲኒማ ቤቱ አዳራሽ በላይ ባለችው የፊልም ማሽን ክፍል ውስጥ ስለምኖር ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ሰለቸሁት ያልከው ደግሞ፣ ሰባት ወር ሙሉ ከበር እየተመለስኩ አንድ ቀን ወደ ውስጥ ስላልዘለቅሁ ነው። ያ ምላሱ ጤፍ የሚቆላው ሰው ዛሬ አንድ ቃል ለማውጣት ስለሚደክም ጓደኛው ታግሦ መስማት አቃተው፣ ብለህ አሰብክ። ቤቴ እስክደርስ ይቺ ቃል አብራኝ ሄደች። አንጀቴን በላኸው።

እውነቱን እነግርሃለሁ። ያልመጣሁት ሰልችተኸኝ አይደለም። ዓይንህን ማየት ፈርቼ ነው። ለምን እንደፈራሁ ለመንገር ግን ከፊልሞቹ መጀመር ይኖርብኛል፤ ያለ እነሱ ነገሩ አይገባም።

የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ከመጋዘን ያወጣቻቸውን የቆርቆሮ ሣጥኖች ታስታውሳለህ። ሃምሳ ስምንት ነበሩ። ፊልም መናገር በጀመረ በአራት በአምስት ዓመቱ የተሠሩ የወንበዴና የፖሊስ ፊልሞች፣ ግማሾቹ የተቧጨሩ፣ ከሥራቸው የተጻፈ ትርጉም የሌላቸው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶውን ስለሚውል «ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብናገኝ እናሳያቸው ነበር» አለች። እኔም አንተን አመጣሁ። ያኔ የማውቅህ አንድ ጎረቤቴ ከባዕድ አገር ሰው ጋር ሲካሰስ ለምስክርነት ሄጄ ነው፤ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አንተ ነበርክ። ዳኛው እንኳ «ቀስ በል» ሲሉህ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያዋን ቀን መቼም አንረሳትም። ከመጋረጃው ጎን ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጥላ የተደረገላት መብራት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ማይክሮፎን። ፊልሙ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ሰውዬ ንግግር አንተ ተርጉመህ ስትጨርስ ሰውዬው ከሞተ ቆይቶ ነበር። የገደለው ሰው ንግግር ላይ ስትደርስ እሱም ሞቷል። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንተ ግን አልሳቅህም፤ ከፊልሙ በኋላ ደረጃውን ወጥተህ እኔ ጋ መጣህና «በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እነዚህ ደግሞ ግሱን አይጠብቁም» አልከኝ። ላብ በላብ ሆነህ ነበር። እንደምትመለስ ያወቅሁት በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከፍርድ ቤት ስትወጣ እየመጣህ ፊልሙን በባዶ አዳራሽ ሁለት ሁለት ጊዜ አሳይህ ነበር። ንግግሩን መላጨት የጀመርከው ያኔ ነው። «‘ከእንግዲህ ወዲያ ካንተ ጋር አብሬ ለመሥራት ፈቃደኛ አይደለሁም’ አይባልም» ትለኛለህ፤ «‘በቃኝ’ ነው የሚባለው።» በሦስተኛው ወር ከተዋናዮቹ እኩል ትናገር ጀመር። በስድስተኛው ወር ሰዎች መትረየስ አሉህ። ወንበዴው፣ ሹሙ፣ ጋዜጠኛው፣ የወንበዴው እናት፣ ሁሉም ባንተ አፍ ውስጥ ነበሩ፤ ግን ማን ማን እንደሆነ ግራ የሚገባው ሰው አልነበረም።

እነዚያ ፊልሞች ለምን እንደያዙን ብዙ ተከራክረናል። ያንተ መልስ የፍርድ ቤት መልስ ነበር። «እኔ የምውልበት ቤት አንድ ምስክር ለመስማት አምስት ቀጠሮ ነው» ትል ነበር። «እዚህ ግን ሰውዬው ሰርቆ፣ ከብሮ፣ ወድዶ፣ ተከድቶ፣ ተይዞ ሲያበቃ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ነው። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ፍርድ ታያለህ።» ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው አዋላጅ ደግሞ የምትመጣው ለሴቶቹ ነበር። «እኔ ለሰደበኝ ሰው መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው» ብላናለች፤ «እነሱ እዚያው ቆመው ይመልሳሉ።»

እኔን የያዘኝ ድምፁ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ድምፅ የሚባለውን ነገር ገና ማግኘታቸው ነበርና ሁሉን ነገር መስማት አማራቸው። ከሥር የሚያስለቅስ ሙዚቃ የለም። ጫማ ወለሉን ሲመታ፣ የጽሕፈት መኪና ሲንጣጣ፣ ስልክ፣ ጎማ፣ ከዚያ ተኩስ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ራሱ ይሰማል፤ ከድምጽ ማጉያው እንደ መጥበሻ ሺ ይላል። ዛሬ ዛሬ ፊልም አንድ በር ለመክፈት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሩን አይተን ሳንጨርስ እንቅልፍ ይወስደናል። እነዚያ ግን በሩን ከፍተውት ነው የሚጀምሩት።

ደግሞ ወንበዴው። ክፉ እንደሆነ እናውቃለን፣ መጨረሻ ላይ በአንዱ ደረጃ ላይ ተንከባልሎ እንደሚሞት እናውቃለን፣ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ሁላችንም እንዲያመልጥ እንመኝለታለን። ከደንበኞቻችን አንዱ፣ ጡረታ የወጣው የትራፊክ ፖሊስ እንኳ ይመኝለት ነበር። ይህን ነገር አንድ ቀን ስጠይቅህ ኦቾሎኒ እየፈለፈልክ ነበር። «ክፋቱን ማን ወደደለት?» አልከኝ። «አለማመንታቱን ነው እንጂ። እኛ ለማግባት እንኳ ስንት ዓመት ነው የምናመነታው?» ይህን ባልክ በወሩ እህቴን ስጠኝ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ «ልጠይቃት» ከማለቴ እሷ ቀድሞውኑ እሺ ብላህ ኖሯል። እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እናንተ ሁለታችሁ አልሰማችሁትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ አንዲት ጋዜጠኛ ወንበዴውን መኪና ውስጥ የምታናግርበት ቦታ ላይ፣ «ሽጉጡን ጣለው» ማለት ሲገባህ «ያንን… ነገሩን ጣለው» አልክ። ሰው የቀለድክ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አስራ ሰባት ዓመት ከላይ ሆኜ ስሰማህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስትቀልድ ድምፅህ ትንሽ ከፍ ይላል። ያን ቀን ከፍ አላለም። በሳምንቱ ሁለት ቃል ጠፋህ። ከዚያ በግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከፊልሙ ወደ ኋላ መቅረት ጀመርክ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደረጃውን ወጥተህ፣ ከወትሮው ይልቅ እየደከመህ ወጥተህ፣ ጠየቅኸኝ።

«ዛሬ ፊልሙን አፈጠንከው እንዴ?»

«ሞተሩ እንደሆነ እንጃ» አልኩህ። «አየዋለሁ።»

ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

ማሽኑን ቀስ ማድረግ አይቻልም፤ ታውቃለህ። ድምፁ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ስለታተመ ፊልሙ ቀስ ሲል ሰው ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድኩ። ውኃ የገባበትና ከእንግዲህ የማይታይ አንድ አሮጌ ፊልም ነበረኝ። ከእሱ ውስጥ ደህና የቀረችው አንዲት ጥቁር ረጅም መኪና በዝናብ በራሰ መንገድ ላይ ስትሄድ የምታሳየው ቁራጭ ብቻ ነበረች። ንግግር የለባትም፤ የሞተር ድምፅ ብቻ። ያቺን ቁራጭ አምስት አምስት፣ ስምንት ስምንት ሰከንድ አድርጌ ቆራረጥኳትና አንተ በምትዘገይባቸው ቦታዎች ላይ፣ በአንዱ ንግግርና በሌላው መካከል፣ በማጣበቂያ ቀጠልኳት። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ የሚገባ ሰው አይጠፋም። አንዲት መኪና ብትጨመር ማን ያውቃል ብዬ ነው።

ሠራ። ወንበዴው ተናግሮ ይጨርሳል፣ መኪናዋ ትመጣለች፣ አንተ የቀረህን ዓረፍተ ነገር በእሷ ላይ ትጨርሳለህ፣ ውኃህን ትጎነጫለህ፣ ቀጣዩን ንግግር እኩል ትይዛለህ። ከላይ በትንሿ መስኮት ሳይህ ብርጭቆውን አንሥተህ ስታስቀምጥ ደስ ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ ሰኞ መኪናዎቹን ካለፈው ፊልም አወጣና ለሚመጣው ፊልም አስገባቸዋለሁ።

የነቃው የትራፊክ ፖሊሱ ብቻ ነበር። አንድ እሁድ ከበሩ ላይ ያዘኝ።

«ስማ ላይኛው፣ ይቺ መኪና ባለፈው ሳምንት ባንክ የዘረፈችው አይደለችም? ታርጋዋ ያው ነው። ዛሬ ደግሞ ሐኪም ይዛ ትሮጣለች።»

«ፊልም ሠሪዎቹ አንድ መኪና ብቻ ይሆናላ የነበራቸው» አልኩት።

«እንግዲያው ሹፌሩ ቅጣት አለበት፤ አንድ ቀን እንኳ አላረፈም።»

ይህን ነገር ለሁሉም አወራው፤ ቀልድ ሆነ። መኪናዋ ብቅ ስትል ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። አንተም በማይክሮፎኑ «እነሆ እመቤታችን መጣች» ማለት ጀመርክ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ትንፋሽህን እየሰበሰብክ «ይቺ መኪና ከእኔ በላይ ትሠራለች» አልከኝ። ያውቅ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ፊትህን አየሁት፤ አታውቅም ነበር።

ስትታመም በአንድ ፊልም ውስጥ ዘጠኝ መኪና ደርሼ ነበር። አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ የነበረው ፊልም አንድ ደቂቃ ያህል ጨምሯል። ይህ ማለት ምን እንደሆነ ገባህ? ምላስህ በየሳምንቱ በስንት ሰከንድ እንደዘገየ እኔ አውቅ ነበር። ማንም ሐኪም ሳያይህ ሕመምህን በመቀስ የለካሁት እኔ ነኝ።

እህቴ፣ አሁን ያንቺ ቦታ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የሱሪዬን ጫፍ ልታሳጥሪልኝ ሱቅሽ መጥቼ ነበር። የተማሪዎች ዩኒፎርም በጠረጴዛሽ ላይ ተከምሯል። መርፌዎቹን በአፍሽ ይዘሽ ከእግሬ ሥር ተንበርክከሽ ነበር፤ አውጥተሻቸው ቀና አልሽና እንዲህ አልሽኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። እሱ ቤት ውስጥ ቃል ይጠፋዋል። ትናንት ‘መቀስ’ ለማለት ‘ያ የሚቆርጠው’ አለኝ። ሻይ ይዞ ይቀርና ምን ልል ነበር ይላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ደክሞኝ ነው ይለኛል። ሲኒማ ቤት እንዴት ነው? አንተ በየሳምንቱ ትሰማዋለህ።»

«እንደ መትረየስ ነው» አልኩሽ። «አንዲት ቃል አይስትም።»

ደረትሽ ሲወርድ አየሁት። ፈገግ አልሽ። «እንግዲያው ከእኔ ጋር ሲሆን ነው የሚያንቀላፋው» ብለሽ ወደ ሱሪዬ ጫፍ ተመለስሽ።

እዚህ ላይ ማንበብሽን እንደምታቆሚ አውቃለሁ። ቁሚ። የፈለግሽውን ያህል ቁሚ፣ ከዚያ ግን ቀጥዪለት፤ የቀረውንም መስማት አለበት።

ለምን ዋሸሁ? ሰባት ወር ሙሉ ይህን ራሴን ስጠይቅ ቆይቻለሁ፤ መልሱ አንድ አይደለም። ሥራ አስኪያጇ በዚያው ሰሞን «መትረየስ ደክሟል የሚሉ አሉ፤ አዲስ ሰው ብንፈልግስ?» ብላኝ ነበር። አንተ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ፍርድ ቤቱ እንጀራህ ነበር፤ ያቺ ትንሽ ጠረጴዛ ግን አንተ ራስህ ነበረች። ይህ ለአንተ ያሰብኩት ነው። ለራሴ ያሰብኩትም አለ። እኔ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁለት ማሽን ጋር የምኖር፣ ሚስት ያላገባሁ፣ ጨዋታ የማላውቅ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ያንተ ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲመጣ ሰው አብሮኝ ያለ ይመስለኛል። ሌላ ሰው መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም። እናም «ደክሞት ነው፣ ያልፋል» ብዬ ለራሴም ተረጎምኩት። አንተ እንኳ እንዲህ አድርገህ አዛብተህ ተርጉመህ አታውቅም።

ስንት ጊዜ አይተነዋል። ጥይት የመታውን ጓደኛቸውን ይሸከሙና ወደ አንድ ጓዳ ይወስዱታል። በሩን ይዘጋሉ፣ መጋረጃውን ይስባሉ፣ ፖሊስ እንዳያገኘው ይደብቁታል፤ ሐኪም ግን አይጠሩም። ይወዱታል እኮ፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱለታል። ጠዋት ሞቶ ያገኙታል። አንተ በዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ከፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ትጨምር ነበር። «ሐኪም ጥሩ፣ እናንተ ጅሎች» ትላቸዋለህ፤ እኔም ከላይ እስቃለሁ።

ያቺ እሁድ ደረሰች። አስር ሰዓት ላይ ነበር፤ ሦስተኛው የፊልም ጥቅል። ሴትየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ባሏን ጥላው ልትሄድ እንደሆነ የምትነግርበት ቦታ ነው። ሁለት ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ትናገራለች። ይህን ቦታ ሰኞ ዕለት ሳየው ተጨንቄ ነበር፤ ወጥ ቤት መሃል ግን መኪና ማስገባት አይቻልም። በፊት በፊት ትችለው ነበር፣ ዛሬም ትችለው ይሆናል ብዬ ተውኩት። «እኔ» አልክ። ሴትየዋ መናገሯን ቀጠለች። «እኔ» አልክ እንደገና። ከዚያ ትንፋሽህ ብቻ በማይክሮፎኑ ተሰማ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከኋላ አንዱ «መኪናዋ ትምጣ» ሲል ጥቂቶች አጨበጨቡ። እኔ ማሽኑን ማጥፋቴን አላስታውስም፤ ደረጃውን ግን በሩጫ ወረድኩ። ስደርስ ቀኝ እጅህ ማይክሮፎኑ ላይ ነበር፤ ላነሣው ስሞክር ከበደኝ። አንተ ደግሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትመለከተኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሐኪሙ እህቴን ጠየቃት። «ከዚህ በፊት ምልክት አልነበረም? ቃል መጥፋት፣ ምላስ መተሳሰር?»

«ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ነበር» አለችው። «ወንድሜን ግን ጠይቄው ነበር። ሥራው ላይ ደህና ነው ብሎኛል።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ስትሮኩን በመድኃኒት ልንከላከልለት የምንችልበት ዕድል ነበረን» አለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያንን ቀን እህቴ እጄን ይዛ አለቀሰች። ያጽናናኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ አንዳንዴ ጋዜጣ እየያዝኩ ከበራችሁ እየመጣሁ ተመልሻለሁ። ከውስጥ ሳልህ ይሰማኛል። እህቴ «ግባ እንጂ፣ ደስ ይለዋል» ስትለኝ ሰው ይጠብቀኛል እላታለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ባለፈው ወር መኪናዎቹን ሁሉ ከፊልሞቹ ውስጥ አወጣኋቸውና አንዱን ፊልም ብቻዬን በባዶ አዳራሽ አየሁት። እንደ ቀድሞው ይበራል። እንዴት ያለ ፊልም ነው፣ ዛሬም ዓይን አያስነቅልም። ግን አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ፣ ከሚከዳውም ከሚሸሸውም ውስጥ፣ ያጠፋውን ነገር ቁጭ ብሎ ለጓደኛው የሚናገር አንድም የለም። ጊዜ የላቸውም። የሚናገሩትም ለፖሊስ ነው፣ እሱም ተይዘው ነው። እኔን ማንም አልያዘኝም። ዝም ብል እስክንሞት ድረስ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ አንተ ብቻ ሰለቸሁት እንዳልክ ትቀር ነበር። ይህን መሸከም አልቻልኩም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ድምፅህን የሰረቅኩህ እኔ ነኝ አልልም፤ ሕመሙ የራሱ ሕመም ነው፣ ሐኪሙም ዕድል ነበረን ነው እንጂ ያለው ይድን ነበር አላለም። ግን ዕድሉን የሸሸግሁብህ እኔ ነኝ። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት፣ በገዛ እጄ ነው ያደረግሁት፣ ስወድህ ነው ያደረግሁት። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለእህቴ ስሰጣት «ልሂድ፣ ሰው ይጠብቀኛል» እላታለሁ። አልሄድም። ከበራችሁ ውጭ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። አንብባ እስክትጨርስ ምን ያህል እንደሚፈጅ አላውቅም፤ በመካከሉ ታለቅስ ይሆናል፣ ትቆጣም ይሆናል። ሁለታችሁም መብት አላችሁ። እህቴ በሩን ብትከፍትና አንድም ቃል ሳትናገር መልሳ ብትዘጋው ይገባኛል።

አንተ ግን ልትሰድበኝ ከፈለግክ ስደበኝ፣ ከዓይኔ ጥፋ ልትለኝ ከፈለግክም በለኝ። አንዲት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እህቴ እንዳትተረጉምልህ። ራስህ ንገረኝ። ቃሉ እስኪወጣ ድረስ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

የሚስትህ ወንድም፣
ከበራችሁ ውጭ